ለሁለት የተካፈልነው ኪኒን

ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የሺ እባላለሁ። ሥራዬ የሰው መዝገብ ከመደርደሪያ ማውጣትና መልሶ ማስቀመጥ ነው። ማንበቡ የደመወዙ አካል አይደለም፤ እሱን የጨመርኩት እኔው ነኝ። አንድን ነገር ከመጀመሪያው ገጽ ካላነበብኩት አላስቀምጠውም። ከነቀምቴ ዲጋ ሚኒባስ የሚነዳው ባለቤቴ ጌታሁን «አንቺ ዳኛ ብትሆኚ ኖሮ አንድ ክስ አሥር ዓመት ይፈጅ ነበር» ይለኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት በገዛ ገላዋ ጉዳይ ሳታነብ ፈረመች። የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ያሉ እህቶች እንዲያነቡት ነው፤ ወንዶችም ቢያነቡት አይጎዳቸውም።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። የነቀምቴን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ደርቦ ነው የሚቀመጠው። አንድ የውርስ መዝገብ ፍለጋ ጎንበስ እንዳልኩ ከደረቴ ተነሥቶ በአንገቴ በኩል ወደ ፊቴ የሚወጣ ወላፈን መጣብኝ። ግንባሬ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ልቤ ድው ድው ይላል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ፤ ከዚያ ደግሞ በረደኝ። መስኮቱን ብከፍተው የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ተቆጡኝ። በቀን ሁለት ሦስቴ ይመጣ የነበረው ውሎ ሲያድር አሥርም አሥራ ሁለትም ጊዜ ሆነ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የወር አበባዬ ከቀረ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱን ነገር ግን አላገናኘኋቸውም።

ያገናኘሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ አኖ ነበር የምትኖረው። በሃምሳ አምስት ዓመቷ ከገበያ ስትመለስ «ትንሽ ልረፍ» ብላ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ በዚያው አልተነሣችም። «ልቧ ነው» ተባለ፣ ተለቀሰ፣ ተቀበረች። እና ልቤ እንደዚያ ሲመታ እኔም አራት ዓመት ቀረኝ ማለት ነው እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። የፈራሁት ሙቀቱን አይደለም። የፈራሁት የእናቴን ሞት መሞት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አለብሽ አለኝ። በኛ ከተማ ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ገና ያልታመመ ሰው ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሙቀቱ ግን አልጨረሰም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ቃሪያና በርበሬ ከለከለኝ። የባለቤቴ እህት በበኩሏ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አላየሁበትም። ሦስተኛው ቦታ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቤን ምት በወረቀት አወጡልኝ። ወረቀቱን ያየው ሰው «ልብሽ ደህና ነው፤ ሐሳብ አታብዢ» አለኝ። ይህ ሐሳብ አለማብዛት የሚባለው መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንደሚሸጥ ግን አልነገረኝም።

በዚህ መሐል ቤታችንም ተናጋ። ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፌ ስጥል ጌታሁን ይበርደዋል፤ እሱ መልሶ ሲደርብ እኔ እቃጠላለሁ። አንድ ሳምንት ታገሠና ጋቢውን ይዞ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ምክንያቱን ባውቅም ከፋኝ። እሱ ደግሞ ሲጠጋኝ ስለምገፋው የጠላሁት መስሎት ነበር፤ ይህን የነገረኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«የወር አበባሽ ቆሟል?» ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያን ሁሉ ክሊኒክ ስዞር ይህችን አንዲት ጥያቄ ማንም አላነሣትም። ማረጥ ነው አለችኝ፤ ሙቀቱም የልብ ምቱም ከዚያ እንደሚመጣ፣ ብዙ ሴት እንደሚያገኘው፣ ውሎ አድሮ እንደሚቀንስ አስረዳችኝ። ቀጥላ ክንዴ ላይ የግፊት መለኪያ ጠመጠመችና ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። መቶ ስድሳ በመቶ ነበር። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችልኝ። ሦስት ወር በደንብ ወሰድኩ። ሙቀቱ ግን በነበረበት ነው፤ ግፊት ደግሞ አያምም፣ አይቆርጥም፣ እንዳለም አይታወቅም። የማላየውን በሽታ እያከምኩ የማየው እየቀጠቀጠኝ ነበር።

ጫልቱ ጎረቤቴ ናት። በአንድ አጥር የምንኖር፣ በእኔ ጾም ወተት የማትልክብኝ፣ እሷ ከጸሎት ቤቷ እስክትመለስ ቤቷን የምጠብቅላት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። እሷም አርጣለች፤ የሷ ሙቀት እንዲያውም ከእኔ ይብሳል፤ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከእጇ እስኪወድቅ ያልባት ነበር። ልጇ ሌንሴ ጣሊያን አገር አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ያቺ ሴትዮ በእኛ ዕድሜ ሳለች የወሰደችው መድኃኒት ነው ብላ ሌንሴ በመንገደኛ እጅ ለእናቷ ሦስት ፓኮ ኪኒን ላከች። በስልክም ሙቀቱን እንደሚያጠፋ ነገረችን፤ አስከትላም «ሴትዮዋ ልብንም ይጠብቃል ትላለች» አለች። ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማሁም።

ጫልቱ ፓኮዎቹን ይዛ አጥሩን ተሻግራ መጣች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል በሚባልበት አገር ነው ያደግነው፤ ጫልቱም እኔ እያላበኝ ብቻዋን ልትድን አልቻለችም። በየፓኮው ሦስት ሦስት እሽግ አለ፤ እያንዳንዱ እሽግ ሃያ ስምንት ኪኒን አለው፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ግራጫ። ምን ይቸግራል? በመቀስ እኩል ለእኩል ቆረጥነው።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ ነጩን አንቺ ውሰጂ» አለችኝ። «ልብ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ነጭ ቀለል ይላል።»

እህቴ ብላ የሰጠችኝን ተቀበልኩ። በፓኮው ውስጥ ረጅም የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ሁሉም በጣሊያንኛ ነው። የሰው መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ የማነብ ሴትዮ ወረቀቱን መልሼ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ሙቀቱ ጠፋ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ካፖርት ደርቤ ቢሮ ዋልኩ። ጌታሁን ጋቢውን ይዞ ተመለሰ። ልቤም ዝም አለ። እና አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱን ኪኒኖች መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየኋቸውና ለአንድ ልብ ሁለት ጠባቂ ምን ይሠራል አልኩ። የግፊቱን ተውኩት። ማንንም አላማከርኩም፤ እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አራት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደም አየሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ምንም ሳላይ ቆይቼ ማለት ነው። ለጌታሁን ብነግረው «እንደ ሣራ ልትወልጂልኝ ነው» ብሎ ቀለደ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በሳምንቱ ጨመረ። ያን ጊዜ ሁለታችንም መሳቁን ተውን። ከማረጥ በኋላ የሚፈስ ደም የካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከዚያም ከዚህም ሰምቼ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት እኔ አሥራ ሁለት ቀን ከሐኪም ደበቅኩት።

ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ከዲጋ የመጣች አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። በጃንጥላዋ ጫፍ ወለሉን እየነካካች ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ለባሌ በግልጽ ያልተናገርኩትን ለማላውቃት ሴት ሁሉንም ነገርኳት። እሷም የራሷን ነገረችኝ። ስጠራ «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። እሷ ራሷ ከእኔ የባሰ ጉዳይ ይዛ እንደመጣች እያወቅኩ ቃሉን ይዤ ገባሁ።

ዶክተሯ በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን የምታክል ሴት ናት። ስለ ደሙ ሁሉንም አዳመጠችኝ፤ በአልትራሳውንድ አየችና የማህፀኔ ግድግዳ መወፈሩን ነገረችኝ። ከዚያ አንዲት ነርስ በር ላይ ግፊቴን ለክታ የጻፈችውን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበበችው። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር።

«ደሙን ናሙና ወስደን እናጣራዋለን» አለች። «አሁን ግን ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄ ነው። የግፊት መድኃኒት አይወስዱም?»

ትቼዋለሁ አልኳት፤ ልብ የሚጠብቅ ሌላ መድኃኒት ስላገኘሁ። ምን ዓይነት ብትለኝ ስሙን አላውቀውም። በዪ ቢሉኝ ቀለሙን ብቻ ነው የማውቀው። ሄደው ያምጡት አለችኝ፤ በባጃጅ በርሬ ሄጄ አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩላትን እሽግ አገላበጠች፤ በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች።

«ሌላው ግማሹ የት አለ?»

«ጎረቤቴ ጋ» አልኩ።

ልትስቅም ልትቆጣም እንደነበር ያስታውቅ ነበር፤ ሁለቱንም ተወችና ወንበሯን አስጠጋች። ነጩ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ሙቀቱን እንደሚያጠፋ፣ ነገር ግን የማህፀንን ግድግዳ እንደሚያሳድግ አስረዳችኝ። ግራጫው ውስጥ ሁለተኛ ሆርሞን ተጨምሮበታል፤ የሱ ሥራ ያንን እድገት መግታት ነው። አንዲት ሴት ሁለቱንም በተራ እንድትውጣቸው ነው በአንድ እሽግ የተደረጉት። «እርስዎ አራት ወር ሙሉ ያለ ልጓም ነው የጋለቡት» አለችኝ። ልጓሙ ጫልቱ ጋ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስሰማ መፍራት ነበረብኝ፤ ፈርቻለሁም። ግን እውነቱን ልናገርና ከፍርሃቱ ጋር አብሮ የማወቅ ጉጉት ያዘኝ። ታዲያ ልብን ይጠብቃል የተባለውስ? አልኳት። ልብን ለመጠበቅ ተብሎ እንደማይታዘዝ ነገረችኝ። ለምን? አልኩ። ሴት የወር አበባ በምታይበት ዘመን ሆርሞኑ የደም ሥሯን ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል፤ ስታርጥ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ የልብ ሕመምም ይበረክታል። እንግዲያው የጎደለውን መመለስ እንዴት አይረዳም? አልኩ። መዝገቡ አልተዘጋልኝም ነበር።

«ሐኪሞችም እንደርስዎ አስበው ብዙ ዘመን ሰጥተዋል» አለች። «በኋላ ብዙ ሴቶችን ሲከታተሉ ግን ልብን እንዳልጠበቀ ታየ። እንዲያውም በአንዳንዶቹ ላይ ደም እንዲረጋ፣ ጭንቅላት ውስጥም የደም ሥር እንዲዘጋ አድርጓል። የጎደለ ሁሉ ሲተካ እንደነበረው አይሆንም።»

ኪኒኑ መርዝ እንዳልሆነም ነገረችኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ሙቀቱ ለጸናባት፣ ካረጠች ብዙ ላልቆየች ሴት፣ ግፊቷ፣ ጡቷ፣ ማህፀኗ ታይቶ፣ ሐኪም እየተከታተላት ቢሰጣት መልካም መድኃኒት ነው። ታዲያ ልብን የሚጠብቀው ምንድን ነው ብላት የቆጠረችልኝ ሁሉ አሰልቺ ነገር ሆነ፤ የግፊቱን ኪኒን በየቀኑ መዋጥ፣ ጨው መቀነስ፣ መራመድ፣ ስኳርና የደም ቅባት መመርመር። አንዱም ከጣሊያን የሚመጣ አይደለም።

ናሙናው በቀጭን ቱቦ ነው የሚወሰደው። ያማል፤ አጭር ነው እንጂ ያማል። አንዲት አዋላጅ ነርስ እጄን ይዛ ስለ ልጆቼ ስትጠይቀኝ ቆየች፤ የልጆቼን ስም ስጠራላት አለቀ። የሚነበበው አዲስ አበባ ተልኮ ነው አሉኝ፤ መንገዱም ሰላም ያልነበረበት ሰሞን ስለነበር ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ጌታሁን ተሳፋሪ ቢጠብቀውም ከሰዓት ከሰዓት ወደ ቤት ብቅ እያለ «ምንም አልተደወለም?» ይላል። ጫልቱ ደግሞ «እኔ ነኝ የጎዳሁሽ» እያለች አለቀሰች። ኪኒኑን ለሁለት ስንካፈለው መልካም ነበር፤ ጥፋቱንም ለሁለት እንካፈለዋ አልኳት። አልሳቀችም። በማግስቱ የሷን ግማሽ ይዛ ዶክተሯ ጋ ሄደች። ተመረመረች፤ ዛሬ በስሟ የታዘዘላትን፣ ለብቻዋ፣ በክትትል ትወስዳለች።

ውጤቱ ካንሰር አልነበረም። ግድግዳው የወፈረው በነጩ ኪኒን ነው፤ የሚያመነምነውን መድኃኒት ለጥቂት ወራት ወሰድኩና ሲታይ ተስተካክሏል። ሙቀቱ ተመልሶ መጣብኝ፤ አሁንም ይመጣል፤ ብቻ በቀን ሦስት አራቴ ነው፤ ጌታሁንም ለየብቻ ብርድ ልብስ ገዝቶልን በአንድ አልጋ እንተኛለን። የግፊቱን ኪኒን ከቀጠልኩ ወዲህ ቁጥሩ ወርዷል።

የመጨረሻው ቀጠሮዬ ላይ ዶክተሯ እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀችኝ። ልብ ነው አልኩ።

«ማን አለ?»

ሃያ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ፍርድ ነው፤ ማን እንደፈረደው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልኩ ልጆቼን ያሳደግኩ ሴት የእናቴን መዝገብ አልከፈትኩትም። መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ በጌታሁን ጓደኛ መኪና አኖ ወረድኩ፤ የእናቴ ታናሽ እህት እትዬ ዘውዴ እዚያ አለች። ሰባ አምስት ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ደህና ነው። አጠገቧ ተቀምጬ እናቴ የሞተችው በልብ ነው ወይ አልኳት።

«ምን ልብ አለባት» አለች እትዬ ዘውዴ። «ግፊት ነበረባት እንጂ። ጤና ጣቢያ ነው ያሏት። የአንድ ወር ኪኒን ሰጥተዋት ነበር።»

ታዲያ አልዋጠችውም ወይ አልኳት። እትዬ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

«እኔንም ያን ሰሞን ራሴን ያዞረኝ ነበር» አለች። «ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ተይ፣ ያንቺ ነው አልኳት። ‹እህት ዓለም፣ ብቻዬን ልዳን እንዴ?› አለችኝ። ተካፈልን። ወር ሳይሞላ አለቀ። ሌላ ልናመጣ ስንል ገበያ ደረሰ፣ አጨዳ ደረሰ፣ በዚያው ቀረ።»

የነጠላዋን ጥለት ለቀቀችው። በመጨረሻ «ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «የጠየቀኝም የለም።»

አልተቆጣሁም። ልቆጣ ሞክሬ ነበር፤ ግን ማንን? እናቴን የገደላት ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እትዬን አቀፍኳትና ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ለእህቷ፣ እኔ ለእናቴ። ጋብ ስንል ግፊትሽን ከዚያ ወዲህ ተለክተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አንድም ቀን አልተለካችም።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀረሁና ጠዋት እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የእኔንም መለካት ያለብኝ ሳምንት ነበር። ካርድ የምታወጣው ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘን ስታየን አንድ ካርድ መዘዘችና «ወሊን ዱፍተኒ?» ብላ አብረን መምጣታችንን ጠየቀችን።

«ኤዬ፣ አብረን ነን» አልኳት። «ካርዱን ግን ለየብቻ አድርጊልን።»